ኩላዊት ማለት ላቲናዊት ማለት አይደለም

«ካቶሊክ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው» የሚለው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህን የሚለው በውጭ ያለው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚያሳዝነው ራሱ ካቶሊኩ ወደ ሮም ለመቅረብ ከግዕዙ፣ ከከበሮውና ከጸናጽሉ መራቅ ያለበት ሲመስለው ነው።

ቃሉ ግን ይህን አይልም። ካቶሊክ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ኩላዊት፣ የሁሉ የሆነች ማለት ነው። የሁሉ የሆነች እናት ደግሞ የአንዱን ልጅ ልብስ ለሁሉም አታለብስም።

አልፎንሶ ሜንዴዝ ይህን ባለመረዳቱ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የላቲንን ሥርዓት በአገሩ ላይ ሊጭን ተነሣ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ሕዝቡን ወደ ቀድሞ እምነቱ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ግን ግዕዝ ተምረው፣ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ ሥርዓቱን አክብረው ኖሩ። ማንኛቸው ኩላዊት የሚለውን ቃል እንደተረዱ አንባቢ ይፍረድ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 የምሥራቁና የምዕራቡ ሥርዓት በክብር እኩል መሆናቸውን አውጇል። ከሮም ጋር ኅብረት ያላቸው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ 23 ናቸው፤ የኢትዮጵያ አንዷ ናት። በዚችው አገር በደቡብ በላቲን ሥርዓት የሚያስቀድሰውም ያው ወንድም ነው። አንድ የሚያደርጋቸው እምነታቸው፣ ምሥጢራቱና ከጳጳሱ ጋር ያላቸው ኅብረት እንጂ የቅዳሴው ቋንቋ አይደለም።

እንግዲህ የኩላዊት ልጅ ነኝ የሚል፣ የአባቶቹን ይዞ ይቅረብ። በማኅበር ማዕድ ሁሌ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው በላተኛ እንጂ ማኅበርተኛ አይባልም።