በወዳጅ ደጅ የሚያልፍ መንገድ

ቤተ ሰቡን ይዞ ረዥም መንገድ ለመሄድ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ጎማ፥ ስለ ነዳጁና ስለሚያድርበት ሆቴል ነው። ይህ አይነቀፍም። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት «በመንገዳችን ላይ ማንን እንጠይቃለን?» ተብሎ መታሰብ ይገባዋል እንላለን። በቋንቋችን መጠየቅ የሚለው ቃል ያላወቁትን ለማወቅም፥ ወዳጅን ሄዶ ለማየትም ይነገራል፤ በወዳጅ ቤት የገባ መንገደኛም ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያገኛል።

ባለፈው ጥር የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ተማሪዎች ባረፉበት ሳምንት፥ ቤተ ሰባችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የወረድነው በዚሁ አሳብ ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ለሚቸኩል ሰው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ እኛ ግን በሦስተኛው ቀን ደረስን። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ድካም ያቃልላል፥ ጊዜም ያተርፋል፤ ነገር ግን ግራ ቀኙ በአጥር የተከለለ ስለ ሆነ አገሩን ያሳልፋል እንጂ አያሳይም። ስለዚህ ከሞጆ ወደ ደቡብ በታጠፍን ጊዜ የቀድሞውን መንገድ ያዝን። የቆቃ ሐይቅ ለልጆቹ ከጥንት የነበረ መስሏቸው ነበርና፥ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ ከተፈጸመው ግድብ የተጠራቀመ ውሃ መሆኑን ነገርናቸው። ታናሺቱም «ታዲያ ከውሃው ሥር ምን ነበረ?» አለች። ከብት የሚሰማራበት ሜዳ እንደ ነበረ ብንነግራት እስከ ዓለም ጤና ድረስ ዝም አለች።

በመቂ በኩል በመንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ተከምሮ ይሸጣል። ሽንኩርት ለሚያበቅል አገር ሰው ሽንኩርት ስጦታ አይሆንምና እኛ ቡናና ስኳር ከቤት ይዘን ነበር። ደግሞም ስንት ሆነን እንደምንመጣና በስንት ሰዓት እንደምንደርስ በስልክ አስቀድመን አስታውቀናል። አምስት ሆኖ ሳይነግሩ በሰው ቤት መድረስ በባለቤቲቱ ላይ ሥራ መከመር ነው፤ «የእግዚአብሔር እንግዳ» መባል ስልክ ለሌለው መንገደኛ ይሁን።

ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ የሚኖሩት ወዳጃችን፥ እኛ ገና ጀማሪ መምህር ሳለን በዚያው ከተማ አብረናቸው ያስተማርን፥ አሁን ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ከልጆቻቸው አንዱ ባሕር ማዶ፥ አንዲቱም አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ሰፊው ቤት የሁለት ሰው ሆኗል። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱንና ስለ አምስቱ ደሴቶች ለልጆቹ አወጉላቸው፤ ከሁሉ የምትበልጠው ደብረ ጽዮን፥ በኦሮምኛም ቱሉ ጉዶ የምትባለው፥ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ ያረፈችባት መሆኗን አባቶች እንደሚተርኩ፥ ዛይ የሚባሉት የደሴቶቹ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው፥ ከተማሪዎቻቸውም አንዳንዶቹ በታንኳ ተሻግረው በከተማ ዘመድ ቤት እያደሩ ይማሩ እንደ ነበረ ነገሯቸው። ከዚያም «አብያታን ሳላሳያችሁ አትሄዱም» ብለው በመኪናችን ገቡ።

አብያታ፥ ሻላና ላንጋኖ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ጠባያቸው አይገናኝም። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ፥ መልኩ የጠቈረ ሰማያዊ ነው። ላንጋኖ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ልጆቹ በዚያ ሲዋኙ አመሹ፥ ከዚህ የበለጠ የምንለው የለንም። በአብያታ ግን ታላቁ ልጃችን ከከፍታው ላይ ቆሞ በሐይቁ ዙሪያ የተዘረጋውን ነጭ ሜዳ አየና «እንዴት ያምራል!» አለ። ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱለትም። ጥቂት አስኪደው ካወረዱት በኋላ መሬቱን በከዘራቸው ነክተው «ልጄ፥ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎቼን ይዤ ስመጣ ውሃው እዚህ ድረስ ነበረ» አሉት። አሁን ውሃው ከቆምንበት ርቆ እንደ ክር ይታያል። ልጁ ያደነቀው ነጭ ሜዳ የሐይቁ ወለል ነበረ።

ምክንያቱንም በዚያው ቆመው አስረዱን። ከዝዋይ ሐይቅ ቡልቡላ የሚባል ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። የዝዋይ ሐይቅና ወደ እርሱ የሚገቡት የመቂና የቀጣር ወንዞች ውሃ ለመስኖ እየተሳበ በሄደ መጠን ወደ ታች የሚወርደው አነሰ፤ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አመድ ማምረቻ ውሃ ሲቀዳ ኖረ። ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፥ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠሩ ዓሣ ለመልቀም ወደ አብያታ ይበሩ ነበር፤ ያ ምግባቸው ቀረ። ታናሺቱ ይህን ሰምታ «የጠጣው ትናንት ማታ የበላነው ቲማቲም ነው?» ብላ ጠየቀች። «ቲማቲሙም፥ እኛም» አሏት። ይህን በመኪና መስኮት አይተን የምናልፍ ብንሆን ኖሮ በፎቶግራፍ ላይ «እንዴት ያምራል» ተብሎ በተጻፈ ነበር።

ሽማግሌው በሚያልፍ ሚኒባስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እኛም በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐዋሳ ገባን። ልጆቹ በቀጥታ ወደ ሐይቁ እንሂድ ቢሉም አስቀድመን ወደ ወዳጃችን ቤት ሄድን። ወዳጃችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እርሱም በዝዋይ አብሮን ያስተማረ ነበረ። ባልንጀራው ከሞተ በኋላ «እንግዲህ ወደ ማን እንሄዳለን?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ባለቤቱ በበሩ ተቀብለው ካሳረፉን በኋላ «ወንድሜ፥ እሱ ካለፈ ወዲህ በዚህ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል እንጂ አይገባም» አሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ሽሮና ጎመን አቀረቡልን፥ ቡናም አፈሉ። ማታ እርሳቸውንም ይዘን ወደ አሞራ ገደል ወረድን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ቆመዋል። ዓሣ በጾም ቀን ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን በዓይናችን ብቻ ጠገብን። እርሳቸው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ወደ ሐይቁ ወርደው እንደማያውቁ የነገሩን ስንመለስ ነው።

ለመሄድ በተነሣን ጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር አመጡ። «በዝዋይ ሲያስተምር የተማሪዎቹን ውጤት የያዘበት ነው። ስሙን አነባለሁ እንጂ ልጆቹን አላውቃቸውም። ሁሉንም የሚያውቁልኝ እዚያ ያሉት አባት ናቸው፤ አድርሱልኝ» አሉን።

ስለዚህ ስንመለስ እንደ ገና በዝዋይ አደርን። ሽማግሌው መነጽራቸውን ሰክተው ስሞቹን ድምፅ አውጥተው ያነቡ ጀመር፤ ይህ ሐኪም ሆኗል፥ ይህች በመቂ ሱቅ አላት፥ ይህ የደሴቱ ልጅ ነው እያሉ። ታናሺቱ አጠገባቸው ተቀምጣ የሚናገሩትን ከየስሙ ጎን በእርሳስ ትጽፍ ነበር፤ ደብተሩ ወደ ሐዋሳ ይመለሳልና። ከገጹ መካከል ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ባለቤታቸው ሻማ አበሩ፥ ንባቡም ቀጠለ።