እጅ ነፃ፣ ልብ እስረኛ

ዲኤክስ የምንነዳ ሰዎች ሰሞኑን ዘምነናል። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ገዝተን፣ ስልካችንን በብሉቱዝ ተቀብላ በኤፍኤም ለመኪናው ሬዲዮ ታቀብልልናለች። (ባዶ ሞገድ ምረጡላት፤ 97.1 ወይም 102.1 ላይ ካደረጋችኋት የአክስታችሁን ድምፅ ጣቢያው ይውጠዋል።)

ዕቃዋን አንጠላም። የምንጠላው “አሁንማ ሃንድስ ፍሪ ነኝ” የሚለውን ኩራት ነው። ከምን ነፃ? ከትራፊክ ፖሊስ ዓይን ካልሆነ በቀር! እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመውና ቶሮንቶ ውስጥ 699 አሽከርካሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት እየነዱ በስልክ ማውራት የግጭትን አደጋ አራት እጥፍ ያህል እንደሚያደርሰው አሳይቷል፤ ስልኩን በእጅ ያልያዙትም የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ምክንያቱም መሪውን የሚለቀው እጅ ብቻ አይደለም፤ ልብም ይሄዳል። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው አደባባይ ስንገባ ራሱ ዝም ይላል። ደዋዩ ግን አደባባዩን የት አይቶት? “እየሰማኸኝ ነው?” እያለ ይቀጥላል፣ እኛም ዜብራ ላይ ያለችውን ልጅ ትተን ለእሱ እንመልሳለን።

ዕቃዋ ለሁለት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ “እየነዳሁ ነው። ቆሜ ልደውልልህ።”