ዕጩዎች ስለ ሕገ ወጥ ስደት በሕዝብ ፊት ይከራከሩ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ

ክቡራን የቦርዱ አባላት ሆይ፤

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጎፋ ሰፈር ከሚኖሩት ዜጎች አንዱ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት የምለምነው ነገር ድምፁን ለሚሰጥ ሕዝብ ሁሉ የሚገባ ስለ ሆነ ነው። ልመናዬም፣ ለምርጫ የሚቀርቡት ዕጩዎች ስለ ሕገ ወጥ ስደት ያላቸውን አሳብ ፊት ለፊት የሚገልጹበት፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ ክርክር ቦርዱ እንዲያዘጋጅልን ነው።

በሰፈራችን ሬሳ ሳይመጣ የእድር ድንኳን ሲተከል አይተናል። አስከሬን በሚያርፍበት ስፍራ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ፎቶግራፍ ይቆማል፤ ልጃቸውን ቀይ ባሕር ይዋጠው የሊቢያ በረሃ ያስቀረው ያላወቁ እናትም፣ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለት ወይስ ከሕያዋን ጋር ስሙ ይጠራ እያሉ ካህኑን ይጠይቃሉ። አጋቾች የልጃቸውን ጩኸት በስልክ አሰምተዋቸው፣ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ለመሙላት የአንገት ወርቃቸውን የሸጡም አሉ። በዚህ ኀዘን ፖለቲከኞች ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ በመድኃኒቱ በምን እንደሚለያዩ ግን መራጩ አይሰማም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው አሸባሪ ቡድን ወደ 30 የሚጠጉ ወገኖቻችንን በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው እንደ ገደለ በተሰማ ጊዜ፣ ለአምስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ሟቾቹን ሰማዕታት አለቻቸው። ከሦስት ቀን በኋላ በመስቀል አደባባይ በተደረገው ሰልፍ ሁከት ሲነሣ፣ መንግሥት ተቃዋሚውን ሰማያዊ ፓርቲን ከሰሰ፤ የስደቱም ነገር በዚህ ክስ ውስጥ ተሰወረ። መንግሥት ጥፋቱን በሕገ ወጥ ደላሎች ላይ፣ ተቃዋሚዎችም በሥራ ማጣትና በአስተዳደር በደል ላይ ይጥሉ ነበረ። ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበረ፤ ነገር ግን ጥፋተኛን መሰየም መርሐ ግብርን ከማቅረብ ጋር አንድ አይደለም።

የመርሐ ግብር ልዩነት የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ደግሞ ያለፈው ዘመን ያስተምረናል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ዐረቢያ ስደተኞችን ማባረር በጀመረች ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ፣ በሕጋዊው መንገድ መሄድ የተከለከለው ወጣት በደላላ እጅ በጅቡቲና በየመን በኩል መሻገሩን አልተወም። እገዳው ሳይነሣ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ሥርዓት ለማስያዝ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰው የሚነግዱትንና በድንበር የሚያሻግሩትን ይቀጣል። ሕጋዊውን በር የመክፈትና ወንጀለኛውን የመቅጣት ሚዛን ግን በመራጩ ፊት ተለይቶ ሲመረመር አላየሁም።

ስለዚህ ዕጩዎቹ እነዚህን እንዲመልሱ ይጠየቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ሲደነግግ፣ እናንተ ወደ ዐረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ታሰፋላችሁ ወይስ ታጠብባላችሁ? በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን ደመወዟን ስትከለከልና ስትደበደብ አቤት የምትልበትን መንገድ እንዴት ታጸኑላታላችሁ? የመንደሩ ደላላ የጎረቤት ልጅና የቤተ ዘመድ ወዳጅ ሆኖ ሳለ፣ ምስክር የሚገኘው በምን ጥበቃ ነው? ከስደት የተመለሰውስ ዕዳውን ለመክፈል ዳግመኛ እንዳይሰደድ ምን ታዘጋጃላችሁ?

ቦርዱ የክርክር ርእስ መምረጡ ከገለልተኝነት የሚያወጣው የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ጥያቄው ለሁሉ አንድ፣ የመናገሪያውም ጊዜ ለሁሉ እኩል ከሆነ አድልዎ የሚገባበት ቀዳዳ የለም እላለሁ። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ለፓርቲዎች የፈቀደው የአየር ሰዓት የሕዝብ ሀብት ነውና፣ ለሕዝብ ጥያቄ ቢውል ተገቢ ነው።

ክርክሩም በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን፣ ልጆቻቸው በብዛት የሚሰደዱባቸው የወሎ፣ የጅማ፣ የትግራይና የሐዲያ ወላጆች በየቋንቋቸው እንዲሰሙት ሆኖ፣ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ እንዲደረግ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የጎፋ ሰፈር ነዋሪ