ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም

ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ ማታ እናቴ ከሥራ ስትገባ እኔ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጬ ሃያ ሦስተኛውን ማመልከቻ እየሞላሁ ነበር። ለሰመር የነርስ ኤክስተርን ቦታ ነው የማመለክተው፤ ሆስፒታሎች ለመመረቅ አንድ ዓመት ገደማ የቀራቸውን የነርሲንግ ተማሪዎች ከነርስ ጋር አጣምረው የሚያሠሩበት። ከሃያ ሁለቱ መልስ የላኩልኝ አራቱ ብቻ ነበሩ፤ አራቱም «እናዝናለን» ነው ያሉት።

እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ድሮ እኛ ነርሲንግ ሆም አለቃዬ የነበረችው ሴትዮ አሁን ሆስፒታል ገብታለች። ልደውልላት?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ በዘመድ መግባት አልፈልግም» አልኳት።

«ዘመዴ መቼ ሆነች? ፊሊፒኖ እኮ ናት። ሥራዬን የምታውቅ ሰው ናት እንጂ።»

ያን ማታ ተኮራርፈን አደርን። እናቴ ግን ልክ ነበረች። የተሳሳትኩትም እኔ ብቻ ስለማልመስለኝ ነው ይህንን የምጽፈው።

ብዙዎቻችን «በዘመድ ተቀጠረ» የሚለውን ነገር እንደ ስድብ እየሰማን ነው ያደግነው። ወላጆቻችን ሰው ከሌለህ ፋይልህ የማይንቀሳቀስበትን ቢሮ አይተው መጥተዋል፤ «እዚህ አገር ሰው በችሎታው ነው» ሲሉን ከልባቸው ነው። እኛም ይህንን ይዘን ክፍላችንን ዘግተን ኮምፒውተር ላይ እንቀመጣለን። አፕላይ፣ አፕላይ፣ አፕላይ። ወላጆቻቸው ሐኪምና ነርስ የሆኑ የክፍሌ ልጆች ግን እራት ላይ ስለ ሥራ ያወራሉ፤ «የእገሌን ኢሜይል ልስጥሽ» ይባባላሉ። ማንም ነውር አይለውም።

ዘመድና ምስክር አንድ አይደሉም። ዘመድ የማይገባህን ቦታ ይሰጥሃል። ምስክር ግን ወረቀትህ እንዲነበብ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኢንተርቪው ያንተ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ሠራተኞቻቸው ሰው እንዲጠቁሙ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ለጠቋሚው ቦነስ የሚከፍሉም አሉ። ደግሞስ ኤንክሌክስን በዘመድ ያለፈ ማን አለ?

በመጨረሻ ለሴትዮዋ ተደወለላት። ሥራ አልሰጠችኝም፤ ክፍሏ ሞልቶ ነበር። ግን ሲቪዬን አስልካ ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ አብራኝ አነበበችው። ስትጨርስ «ሁለት ነገር ደብቀሻል» አለችኝ።

አንደኛው ሥራዬ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በጂኤንኤነት እሠራለሁ። ሲቪዬ ላይ ግን አንድ መስመር ሰጥቼው ከታች ወሽቄዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አፍሬበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላደገ ልጅ የማንኛችንም እናት ወይም አክስት ሥራ ስለሆነ ተራ ነገር መሰለኝ። እሷ ግን ትጠይቀኝ ጀመር፦ በአንድ ሺፍት ስንት ሰው ትይዣለሽ? ቆዳው መቅላት የጀመረ ሰው ስታዪ ምን ታደርጊያለሽ? ትናንት ሲያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ግራ ቢገባው ለማን ነው የምታሳውቂው? መለስኩላት። «ይኸው፣ ይህንን ጻፊ» አለችኝ። አሁን ሲቪዬ ላይ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ በሺፍት ዘጠኝ ሰው እንደምይዝ ጭምር።

ሁለተኛው አማርኛ ነው። ጭራሽ አልጻፍኩትም ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከተማው በሕግ የሚፈልገውን ቋንቋ እኔ ከወረቀቴ ላይ አስቀርቼዋለሁ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሐኪም ቤት ለወላጆቻችን አስተርጉመናል፤ ያ «የሕክምና አስተርጓሚ» አያደርገንም። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ የእናቴን የመድኃኒት መጠን ስተረጉም ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ለብሔራዊው ሰርተፊኬት ለመፈተን ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ስለዚህ ያላችሁን ጻፉ፦ እናገራለሁ፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ የፈለገ ሥልጠናውን ይውሰድ።

ከዚያ ኢንተርቪው መጣ። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ ጣልኩት። «በሥራሽ የምትኮሪበትን አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ «እኛ ጥሩ ቡድን ነን፣ እንተጋገዛለን» ብዬ ዝም አልኩ። እኛ ቤት ስለ ራስ ማውራት ጉራ ነው፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብለን ነው ያደግነው። ምክሩ መልካም ነው፣ ግን ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም። የሚቀጥሩት እኛን ሳይሆን እኔን ነው። ለሁለተኛው ስዘጋጅ ከሥራዬ ሦስት ታሪኮች መርጬ እያንዳንዱን በአራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ምን ተፈጠረ፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ተገኘ። የታካሚ ስምም ሆነ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አይነሣም። ታሪኮቹን መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። የሠሩትን በልኩ መናገር ጉራ አይደለም። በሦስተኛው ኢንተርቪው ተቀበሉኝ፤ ጁን ላይ እጀምራለሁ።

ዘንድሮ ለምትመረቁ የነርሲንግ ተማሪዎች ደግሞ ስለ ጊዜ አንድ ቃል። «መጀመሪያ ኤንክሌክስን ልለፍ፣ ከዚያ ሥራ እፈልጋለሁ» አትበሉ። የአዲስ ምሩቃን ሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ሰው የሚቀበሉት በዙር ነው፤ ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚከፍቱት ከምረቃ ወራት በፊት ሲሆን ፈቃዱ እስኪመጣ ሁኔታውን አስቀምጠው ይቀጥራሉ። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለውን የአምስት ሰዓት ፈተና እያጠኑ ሥራ መፈለግ ከባድ ነው፤ አንዱ ዙር ካመለጠ ግን ቀጣዩን ለወራት መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የነርሶች የፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆኑ አንዱ ግዛት ነዋሪ ሆናችሁ መልቲስቴት ፈቃድ ካገኛችሁ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም መሥራት ትችላላችሁ። ፍለጋችሁን በአንድ ካውንቲ አትወስኑት።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። እናቴ ያቺን ሴት ባታውቅስ? ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ አባቷ ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ እናቷ እንግሊዝኛ ገና የምትማር የማኅበራችን አባል ማን ይደውልላት? ምስክር መልካም ነገር ነው ካልን ለሁሉም መዳረስ አለበት። ሠርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር በአንድ ቀን ሁለት መቶ ሰው እንሰበስባለን። ለሥራ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቤቱን ይዘጋል።

ስለዚህ ማኅበራችን ከፋይናል በፊት አንድ ምሽት እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ፤ ሲቪ የሚነበብበትና ኢንተርቪው የሚለማመዱበት። ለሁሉም የሙያ ዘርፍ ይሁን እንጂ ለነርሲንግ ብቻ አይደለም። የተመረቃችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራ ስጡን አላልንም። ሃያ ደቂቃችሁን ስጡን። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች ሲቪ ለማየት ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ቡናውን እናቴ ታፈላለች።