ለመድን የከፈለ ሐኪሙን ይምረጥ



ከዜጋው ኪስ ለጤና መድን መዋጮ የሚሰበስብ መንግሥት፣ ዜጋው የሚታከምበትን ተቋም የመምረጥ መብቱን ሊነፍገው አይገባም። ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ ከሚያቀርባቸው የሕግ ማሻሻያዎች አንዱ ይኸው ነው።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነበር። በማስፈጸሚያ ደንቡ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 3 ከመቶ እንዲከፈል ቢደነገግም ሥራው ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆየ። በአንፃሩ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰፍቶ ከተሞች ገብቷል። አባሉ የሚታከመው መድኑ ውል በገባበት ተቋም ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ወደ ሆስፒታል የሚያልፈው በሪፈር ወረቀት ነው።

በጤና ጣቢያው መድኃኒት ወይም የላቦራቶሪ ምርመራ ሲጠፋስ? ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ በመድኑ ዋጋ ለመሥራት ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ ውል ከሌለው አባሉ ከኪሱ ይከፍላል። አንዴ በመዋጮ፣ አንዴ በጥሬ ገንዘብ፣ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ይህን በሕግ ማስተካከል ይቻላል። በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት፣ መድን ሰጪዎች በሚሠሩበት አካባቢ የሚገኝንና የውላቸውን ቅድመ ሁኔታ የሚቀበልን ሕክምና ሰጪ እንዳያገሉ ደነገገ። መድን ሰጪዎቹ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 በሙሉ ድምፅ ሕጉን አጸናው።

ተቃዋሚዎች «በሩ ለሁሉም ከተከፈተ፣ መድኑ ብዙ ታካሚ እልክላችኋለሁ ብሎ ዋጋ የማስቀነስ አቅሙን ያጣል፤ ወጪ ይንራል» ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የምናቀርበው ልጓም ያለው ምርጫ ነው፦

አንደኛ፣ የጥራት መስፈርቱን የሚያሟላና የመድኑን የዋጋ ተመን የሚቀበል ማንኛውም ተቋም፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ውል እንዳይከለከል በሕግ ይደነገጋል።

ሁለተኛ፣ ታካሚው የትም ቢሄድ መድኑ የሚከፍለው በተመኑ ብቻ ነው፤ ከታካሚው ተጨማሪ የሚጠይቅ ወይም ሐሰተኛ ሒሳብ የሚያቀርብ ተቋም ውሉ ይሰረዛል።

ሦስተኛ፣ የሪፈር ሥርዓቱ ይቀጥላል፤ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ግን ውል ካላቸው ሆስፒታሎች የሚሻውን ይመርጣል።

አራተኛ፣ ውል የተከለከለ ተቋምም ሆነ አገልግሎት የተነፈገ አባል ለፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት ይኖረዋል።

አንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ባለበት ከተማ ይህ መብት ብቻውን ባዶ ቃል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲያሳድግ ያስገድደዋል። ስለዚህ ምርጫ መፍቀድ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችን በጀት ለመቀነስ ሰበብ እንዲሆን አንፈቅድም።

ደንበኛ አይሄድብኝም የሚል ነጋዴ ሚዛኑን አያስተካክልም። ሕመምተኛው ሌላ በር ሲኖረው ግን የመጀመሪያው በርም በአግባቡ ይከፈታል። መዋጮው የእርስዎ ነው፤ ሕመሙም የእርስዎ ነው። የሚያክምዎትን የመምረጥ መብት በሕግ እንዲረጋገጥልዎ ድምፅዎን ይስጡን።