ሠላሳ አራቱ ደብተሮች

ሸዋ ሮቢት ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማንጎና ሽንኩርት ነው። በዚህ በእኛ ይፋት ቆላ አንድ ዝነኛ የፈረንሳይ ባለቅኔ ጠመንጃ በግመል ጭኖ አልፏል ብል ስንቱ ያምነኛል? አርተር ራምቦ ይባላል። የፊልሙ ራምቦ እንዳይመስላችሁ!

ሰውዬው ገና በ16 ዓመቱ ስለ ሰከረች መርከብ የጻፈው ግጥም እስከ ዛሬ ይነበባል። ሃያዎቹን እንደ ጀመረ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ተወና ነጋዴ ሆነ። በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ነገደ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፋሬ በኩል አንኮበር ደረሰ። መንገዱ አራት ወር ፈጀበት።

ትርፉስ? ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን ቀነሱበት፤ የሞተ ሸሪኩን የላባቱን ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ቆረጡበት። ይህን ያወቅነው ከማን ነው? ከራሱ ከራምቦ ደብዳቤ! ግመሎቹን የነዱት አፋሮችስ ምን ተከፈላቸው? የጻፈ ይሰማል፣ ያልጻፈ ይከሰሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ላባቱ ሸዋ ውስጥ ዓመታት የነገደ ሰው ነበር፤ የሕይወቱን ታሪክ በ34 ደብተር ጽፎ ትቶ ነበር። ራምቦ ገረፍ ገረፍ አድርጎ አያቸውና "የማይረቡ ናቸው" ብሎ፣ ሚስትየው እየረገመችው አቃጠላቸው። በኋላ የንብረት ሰነዶች አብረው መንደዳቸው ተነገረው። ይህንንም የነገረን ራሱ ነው። የጽሑፍን ዋጋ ያውቃል የሚባል ሰው የሌላውን ነጋዴ ጽሑፍ አመድ አደረገ!

ራምቦ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሐረር ውስጥ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ቤት በስሙ ይጎበኛል። ይሁን፣ ደግ ነው። ጨው ከአፋር እያወጡ፣ ጥጥና ቡና እየሸጡ ይፋትን ያቆሙት የአርጎባ ነጋዴዎችስ መታሰቢያቸው የታለ?

ባለሥልጣኖቻችን በየስብሰባው "ቱሪዝም፣ ቱሪዝም" ይሉናል። ቱሪዝሙ ከሽማግሌዎቻችን አፍና ከአሮጌ ሣጥኖቻችን ይጀምር! እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። እኔ ራሴ የአያቴ የዱቤ መዝገብ ለበርበሬ መጠቅለያ ሲቀደድ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ትልቅ ሰው ከሆንኩም በኋላ የቀረውን ልፈልግ አልተነሣሁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል እየሰማን፣ በገዛ ቤታችን ስንት ሠላሳ አራት ደብተር አቃጠልን?

ልብ ያለው ልብ ይበል!