የመምህሩ አቅም ሳይለካ ጎብኚ አይጠራ

ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ሉማሜን ያልፋል። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በቅኔ ትምህርቱ ስመ ጥር የሆነው ደብረ ኤልያስ ይገኛል። ሉማሜን የትምህርታዊ ቅርስ ጉዞ ማረፊያ ማድረግ የተገባ ሐሳብ ነው። ጥናቱ መነሣት ያለበት ግን «ጎብኚ እንዴት ይብዛ?» ከሚለው ጥያቄ አይደለም።

የቅኔ ቤት ቅርስነቱ በሕንፃው አይደለም፤ ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የሚነግርበት፣ መምህሩም የሚያቃኑበት ሰዓት ነው ቅርሱ። እዚህ ላይ የጥሪ ማዕከላት የወረፋ ጥናት ይጠቅማል። ዴንማርካዊው ኤርላንግ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስልክ አገልግሎት ያዳበረው ስሌት እንደሚያሳየው፣ የጠሪው ብዛት ወደ አስተናጋጁ አቅም ሲጠጋ ወረፋው እጅግ ይረዝማል። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ይጨምራል፤ የቅኔ መምህር ግን በብዙ ዓመታት ትምህርት እንጂ በቅጥር አይገኝም። ጎብኚው ቅድሚያ ካገኘ ወረፋ የሚጠብቀው የቆሎ ተማሪው ነው።

ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስቀድመው የትምህርቱን ሰዓትና የተማሪውን ቁጥር በመምህራኑ ፈቃድ መዝግበው፣ የጎብኚውን ፍሰት በሲሙሌሽን ሊፈትሹ ይገባል። ሉማሜም ጎብኚው ተራውን እየጠበቀ ስለ ቅኔ የሚማርባት ከተማ ትሁን። መጠበቅ ካለበት እንግዳው ይጠብቅ፤ ትምህርቱ አይቋረጥ።